ሽማግሌ የላከችው ልጅ

ኮሎምበስ ውስጥ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። የግርማቸውን ልጅ የሀሴትን ጉዳይ እስካሁን በአምስት ዓይነት ሰምቼዋለሁ። አንዱ ልጅቷ ከቤት ጠፍታ ነው ይላል። ሌላው እኛ ሴቶቹ ሰው ቤት ሄደን ባልና ሚስት አጣላን ይላል። አንዷማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ነገሩ ውስጥ ወንድ አለ ብላ ምላለች። ወንድ የለም። በግርማቸው በር ላይ ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ስሙት።

ሰርካዲስ እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው፤ ጉልበቴ ግን ሰማንያ ሞልቶታል። የምኖረው ሊንደን ነው፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ በግድግዳ ለሁለት በተከፈለ የኪራይ ቤት ውስጥ። ግርማቸውና ሚስቱ ሂሩት፣ ዌስተርቪል ውስጥ የራሳቸውን ቤት ገዝተው እስኪሄዱ ድረስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ኖረዋል። ሀሴት የተወለደችው እዚያ ነው። ግድግዳው ስስ ስለነበር ልጅቷ ስታለቅስ ከእናቷ እኩል እነቃ ነበር። ስለዚህ «አንቺን ምን አገባሽ?» የሚለኝ ካለ፣ ያገባኛል።

ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እልኸኛ ናት። ቤት ውስጥ «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ» እየተባለች አደገች። ትምህርት ቤት ደግሞ «ክፍል ውስጥ አትናገርም» የሚል ወረቀት ይላክባታል። ወረቀቱን ለአባቷ የምታነብለትም ራሷ ነበረች። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ነገሩ ሰለቻትና በሁለቱም ቦታ መናገር ጀመረች። አሥር ዓመት ሲሆናት አንድ የክፍሏ ልጅ የምሳ ዕቃዋን ሽሮ አይቶ አፍንጫውን ያዘባት። እሷ ምን አደረገች? ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾማ፣ በየቀኑ ሽሮዋን ይዛ እየሄደች ፊት ለፊቱ ተቀምጣ በላች። የጾመችው ለእግዚአብሔር ብላ ይሁን ለዚያ ልጅ ብላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በ2020 ኮቪድ ሲገባ እኔ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ከዌርሃውስ ሥራዬ ቀርቼ ነበር። ሂሩት የምትሠራው ነርሲንግ ሆም ነው፤ እዚያ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በየቀኑ ይሞቱ ስለነበር በሽታውን ለልጄ ይዤባት እገባለሁ ብላ ፈራች። ግርማቸው ከባድ መኪናውን ይዞ ከስቴት ስቴት ይዞራል። በዚህ ምክንያት ሀሴት ላፕቶፗን ይዛ እኔ ቤት መጣች። እኔን ትረዳለች፣ በዚያው በላፕቶፑ ትማራለች።

የእኔ ቤት መብራት አመሉ ክፉ ነው። ማይክሮዌቩን ስከፍት ሳሎን ይጨልማል። ለአከራዩ ሦስት ዓመት ስደውል «ሰው እልካለሁ» ይለኛል፣ ሰው ግን የለም። ሀሴት በመጣች በሳምንቱ ደረጃ ሥር ያለውን የብሬከር ሳጥን ከፈተችና እያጠፋች እያበራች በእርሳስ ወረቀት ላይ የቤቱን መስመር በሙሉ ሣለችው። ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ፣ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል የሚል ኢሜል በእኔ ስም ለአከራዩ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ሰው መጣ። የመጣችው ግን ሴት ናት። ማስክ ያደረገች፣ ወገቧ ላይ መሣሪያ የተንጠለጠለባት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሴት።

ሁለት ሰዓት ሠራች፤ ሀሴት ሁለት ሰዓት ባትሪ ይዛላት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ስትወጣ «ሃይስኩል ስትጨርሺ አመልክቺ» አለቻት። ሙያው አምስት ዓመት እየሠሩ መማር ነው፣ እየተማሩም ይከፈላል፣ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይኮናል። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እኔ ያልፍላታል ብዬ ነበር። አላለፈላትም።

አባቷ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ግርማቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ገዳሪፍ በስደት ኖሯል፣ እዚህ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመት ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠርቷል። አንዲት ልጁ ነጭ ለብሳ ሆስፒታል ውስጥ ስትሄድ ማየት ነው ሕልሙ። በ2021 ጸደይ ላይ ልጅቷ እሱ እንዳዘዛት ለነርሲንግ አመልክታ ተቀባይነት አገኘች። የኤሌክትሪኩንም አመልክታ ነበር፣ እሱንም አገኘች። ዓርብ ዕለት አባቷን አስቀምጣ «አባዬ፣ ነርሲንግ አልገባም። ኤሌክትሪኩን ነው የምሄደው» አለችው።

እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግርማቸው፣ የሰበካ ጉባኤ አባል ነውና፣ ማይክ ጨበጠ። የጣራውን ማሠሪያ መዋጮ ተናግሮ ሲጨርስ «ደግሞም ልጄ ሀሴት ነርሲንግ ገብታለችና በጸሎታችሁ አስቧት» አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ፤ ሐሳቧን የለወጠች መስሎኝ። ሀሴት ከጎኔ ነጠላዋን ለብሳ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ አልተነቃነቀም።

«ምነው?» አልኳት።

«ኖ ብዬው ነበር» አለችኝ። «በአማርኛ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ሁሉ እልል ካለ በኋላ ግርማቸው እንዴት ይመለስ? ቤት ሲገቡ ለልጁ አንድ ቃል ተናገረ፦ «ያን ሥራ ከጀመርሽ ከቤቴ ትወጫለሽ፤ አባትም የለሽም።» ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ኩርፊያ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። የሚላት ነገር ካለው «ለልጅሽ ንገሪያት» ብሎ ለሂሩት ይነግራል፣ ልጅቷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማ እየሰማች። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ትምህርቱ የሚጀምረው ኦገስት ላይ ነበር።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ «አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶሻል፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ጓደኛሽ ጋ ግቢ» አለቻት። ልክ ናት፤ እዚህ አገር ነገሩ የሚያልቀው እንዲያ ነው። ሀሴት ግን ይህን ስትነግረኝ ተናደደች።

«ሌባ ነኝ እንዴ እቃዬን ፓክ አድርጌ ሾልኬ የምወጣው? ቤቴ ነው። አባቴ ነው። ጆቡንም አልተውም፣ ቤቴንም አልተውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሽማግሌ ልልክበት ነው።»

ሳቅሁ። ለረጅም ጊዜ ሳቅሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ የሚልከው ወንድ ነው፣ ሚስት ሲፈልግ። ወይ የተጣላ ሰው፣ መታረቅ ሲፈልግ።»

«እኔም የምፈልገው ነገር አለ። እሱም ተጣልቶኛል። ሁለቱንም ኳሊፋይ አደርጋለሁ፣ እትዬ ሰርኬ።»

ስለዚህ ይዣት ጋሼ ዘገዬ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ዘገዬ ከእኛ መሃል ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ስንቱን የዳረ ሰው ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት።

«ቀላል ነው» አለ። «መጀመሪያ ድንጋይ ተሸክመሽ አባትሽ እግር ላይ ትወድቂያለሽ። ይቅር ሲልሽ እኔ የቀረውን እናገራለሁ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አባትሽን አስቀይመሻል።»

«ማስቀየምና ማጥፋት አንድ ነው?» አለች። «አይ ዲድንት ዱ ኤኒቲንግ ሮንግ፣ ጋሼ። ልጠይቀው እፈልጋለሁ። ይቅርታ ግን አልልም።»

እሱ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ይኸው ነው፣ ሰርካዲስ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። በራሷ አባት ላይ ሽማግሌ የምትልክ ልጅ አይቼም ሰምቼም አላውቅ፤ እኔ አልሄድም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለእኔ ሽማግሌ የመጣው በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አምስት ወንዶች ነጭ ጋቢ ለብሰው በአባቴ ቤት ቆሙ። እኔ ጓዳ ተደብቄ ስለ እኔ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ አንድም ሰው «እሷስ ምን ትላለች?» አላለም። አርባ አምስት ዓመት ዝም ብዬዋለሁ። ጋሼ ዘገዬ ያን ተረት ሲተርትብኝ ግን ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን አንስቼ ተነሣሁ።

«እንግዲያው ይኼኛው በሴት ያልቃል» አልኩት፤ ልጅቷን ይዤ ወጣሁ።

ሽማግሌ ከሦስት አያንስም። አንደኛዋ እኔ። ሁለተኛዋ ሰገነት፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ ድምፅዋ ስድሳ ልጅ ዝም የሚያሰኝ። ሦስተኛዋ ህብረት፣ ከእኛ ሁሉ ጨዋዋና ተሰሚዋ። ሐምሌ ውስጥ፣ ግርማቸው ከመንገድ የሚመለስበትን ቅዳሜ ቆረጥን። ሀሴትን «በደንቡ አንቺ አትታዪም፣ ክፍልሽ ግቢ» ብያት ነበር። «ስለ እኔ ሲወራ አልደበቅም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የሀበሻ ቀሚሳችንን ለብሰን ሰገነት መኪና ውስጥ ህብረትን ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«ሰርክዬ፣ ሶሪ» አለች ህብረት። «ባለቤቴ ሰማ። ይኼን ነገር ካደረግሽ አለኝ... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዘጋችው። ሰገነት መኪናውን አስነሳች።

ግርማቸው በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ። «እትዬ ሰርካዲስ! ሰገነት! ምነው ሳትደውሉ? ግቡ እንጂ!»

«አንገባም» አልኩ። ሃያ ዓመት አንተ እያልኩ የኖርኩትን ሰው በዚያ ቀን አንቱ አልኩት። «አቶ ግርማቸው፣ በሽማግሌ ደንብ ነው የመጣን። የመጣንበትን ሳንናገር አንገባም፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ሳቀ። «የማን ልጅ ነው? ልጄ ገና ተማሪ ናት፤ ትደርሳላችሁ።»

«ለጋብቻ አይደለም። የላከችን ልጅዎ ሀሴት ናት። የኤሌክትሪክ ሙያ ልትማር ትፈልጋለች፤ ከአባቷ ቤት ሳትወጣ፣ አባቷ መርቋት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ከኋላው ደረጃው ላይ ልጅቷ ቆማ ትታየኛለች፤ እጇን አጣምራ። ከወጥ ቤት በኩል የሂሩት ሳህን ማጠብ ይሰማ ነበር፣ ቆመ።

ግርማቸው በትከሻችን ላይ አሻግሮ መኪናውን አየ። «ወንዶቹስ?»

«እኛው ነን።»

«ሁለታችሁ?» አለና ዘና አለ። መውጫ አገኘ። «እትዬ ሰርካዲስ፣ ደንብ ካልሽማ ደንቡን እኔም አውቃለሁ። ሁለት ሰው ሽማግሌ አይባልም። ሁለት ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ግቡና ምሳ ብሉ።»

እውነቱን ነው። ያ ነው ያናደደኝ። ጋሼ ዘገዬ ፊት የፎከርኩት ሴትዮ በረንዳ ላይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰገነት በጥርሷ መሃል የህብረትን ስም ትጠራለች። ግርማቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በእጁ ወደ ውስጥ ያሳየናል። ብንገባ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሁለተኛ በር የሚያንኳኳ የለም።

ያኔ የጋራዡ በር ሲከፈት ሰማን።

ሂሩት ናት። ለከሰዓት ሥራዋ የለበሰችው የነርሲንግ ሆም ልብስ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች፣ እጇ ገና ውሃ ነው። ባሏ ማንንም የማያስረግጠውን ሣር እያቋረጠች መጣች፤ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ ከግራዬ ቆመች።

«ሦስት ሆንን» አለች።

«ሂሩት! ምን ማድረግሽ ነው? ግቢ ወደ ቤት!»

«ስትፈቅድ እገባለሁ።»

ሂሩትን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋ ከባሏ ድምፅ በላይ ወጥቶ አልሰማሁም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፍርበትም።

ከመንገዱ ማዶ ሣር የሚያጭደው ፈረንጅ ማሽኑን አጥፍቶ ያየናል። ግርማቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው እያየን ነው።»

«ይየን» አለች ሂሩት።

እንግዲህ ያኔ ነው የልቡን የተናገረው። የተናገረው ለእኔ ነው። «ዘጠኝ ዓመት በረዶ ላይ የቆምኩት ለምንድን ነው፣ እትዬ ሰርካዲስ? የጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ ሲበርድ አይሰማኝም። እሷ ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ውስጥ፣ ተከብራ እንድትሠራ አይደለም? አሁን መሰላል ላይ ወጥታ ሽቦ ትጎትት?»

መልሱ ከደረጃው መጣ። ለወትሮው ሲናደዱባት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ በዚያ ቀን ግን አማርኛዋ ቀጥ ብሎ ወጣ። «አባዬ፣ ያሳደገኝ ያ የቆምክበት ሥራ ነው። እኔ አላፍርበትም። አንተ ለምን ታፍርበታለህ?»

አልዞረም። ለእኛ «እሺ» አለ። «ይቅርታ ትጠይቀኝና ትሂድ።»

ሰገነት «እሰይ» ለማለት አፏን ከፈተች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ከትከሻው በላይ ልጅቷን በዓይኔ ጠቀስኳት፦ በይው፣ አንድ ቃል ናት፣ ምን ይጎዳሻል። ስንት ጊዜ እንዲህ ብለን ስንቷን ሴት አስታርቀናል።

«ሶሪ ያልኩት ነገር ውሸት ይሆናል» አለች ሀሴት። «አላጠፋሁም።»

«አያችሁ?» አለ ግርማቸው።

«እኔ የማየው ሌላ ነው» አለች ሂሩት። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛዋለች። «ዓርብ ነገረችህ። እኔ እዚያው ነበርኩ። እሑድ ማይክ ይዘህ ገብታለች አልክ። በቤተ ክርስቲያን የዋሸኸው አንተ ነህ፤ እውነቱን እያወቅሁ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ንስሐዬን ገብቻለሁ። ልጄ ያጠፋችው የለም፤ ይቅርታ አትልም።»

ግርማቸው ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ማዶ ያለውን ፈረንጅ አየ። ቢቸግረው የሴት ልጅ አባት ሁሉ ጊዜ የሚገዛበትን ቃል አመጣ። «ዘመድ ላማክርና ቀጠሮ ልስጣችሁ።»

«የምታማክረው ዘመድ ይኸው ቆሟል» አለችው ሂሩት።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ጉልበቴ የሚያውቅ ይመስለኛል። በመጨረሻ ግርማቸው ከበሩ ገለል አለ። «ትማር» አለ። «ትማር እንግዲህ። ከቤትም የሚያስወጣት የለም። ግቡ።»

ገባን። ሂሩት ፊት ፊት፣ እንደ ሽማግሌ፣ በትልቁ በር። ሰገነትና እኔ ሶፋው ላይ ዘጭ አልን፤ እግራችን አልቆ ነበር። ግርማቸው ለሚስቱ ወንበር ሳበላት። እሷ ግን ከወንበሩ አጠገብ እንደ ቆመች ቀረች።

«እሺ ብያለሁ እኮ» አላት።

«ለእኛ አልክ» አለችው። «ለእሷ አላልክም።»

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል ያልተናገራት ልጅ ደረጃው ላይ ናት። ግርማቸው የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ እንደያዘ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አላት።

«ኦገስት ዘጠኝ» አለችው።

ያን ጊዜ ሂሩት ተቀመጠች።